እርምጃውን ይቆጥር የነበረው ሙዚቀኛ፦ ከልብ ቫልቭ ቀዶ ሕክምና በኋላ ቤት ለገቡ ሕሙማንና ቤተሰቦቻቸው

ከልብ ቫልቭ ቀዶ ሕክምና በኋላ ከሆስፒታል ወጥተው ቤትዎ ሲገቡ ደስታና ፍርሃት አብረው ይገባሉ። የልብ ምትዎን ሌት ተቀን ይከታተል የነበረው ማሽን የለም። ደወል ሲጫኑ የምትመጣው ነርስም የለችም። ቤተሰብ ደግሞ ከፍቅር የተነሳ ከአልጋ እንዳይወርዱ ይለምናል፤ ውኃ ለመጠጣት ቢነሱ እንኳ ሁሉም ተሯሩጦ ያስቀምጥዎታል።

በተመላላሽ ክፍል የማገኛቸውን እንዲህ ያሉ ሕሙማን በጣም የሚፈሩት ምን እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ ብዙዎቹ መራመድን፣ ደረጃ መውጣትን፣ ማሳልን ይጠቅሱልኛል። ትኩሳትን የሚጠቅስልኝ ግን ጥቂት ነው። ለዚህም ነው ዛሬ የአንድ ሰው ታሪክ ላጫውትዎ የፈለግኩት። ይህ ሰው ዓለም የሚያውቀው የሙዚቃ ደራሲ ጉስታቭ ማህለር ነው። የልቡ ቫልቭ ታሞ ነበር። እርምጃውን እየቆጠረ ይኖር ነበር፤ በመጨረሻ የገደለው ግን እርምጃው አልነበረም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ልጅነቱና የታመመው ቫልቭ

ማህለር ሐምሌ 7 ቀን 1860 በቦሄሚያ፣ ዛሬ ቼክ ሪፐብሊክ በምንላት አገር፣ ካሊሽት በምትባል መንደር ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ መጠጥ እየጠመቀ የሚሸጥ ነጋዴ ነበር። እናቱ 14 ልጆች ወለደች፤ ብዙዎቹ ግን በልጅነታቸው ሞቱ። ከሁሉም ይበልጥ ይቀርበው የነበረው ታናሽ ወንድሙ ኤርንስት ከረጅም ሕመም በኋላ በ1875 ሲያርፍ ማህለር ገና የ14 ዓመት ልጅ ነበር።

ማህለር ራሱ ጉሮሮውን በተደጋጋሚ ይታመም ነበር። ታሪኩን ያጠኑ ሐኪሞች በአብዛኛው እንደሚስማሙት፣ የቫልቩ ጉዳት የመጣው ከሩማቲክ ትኩሳት ነው። ይህ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በልጅነት የሚያጋጥም በስትሬፕቶኮከስ ባክቴሪያ የመጣ የቶንሲል ሕመም በአግባቡ ሳይታከም ሲቀር፣ የሰውነት መከላከያ ባክቴሪያውን እየተዋጋ ሳለ የራሱን መገጣጠሚያዎችና የልብ ቫልቮች ይጎዳል። ቫልቮች ደም ወደ ፊት እንዲሄድ የሚከፈቱ፣ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጉ የልብ በሮች ናቸው። የማህለር በሽታ በግራ በኩል ባለው ሚትራል በሚባለው በር ላይ ነበር። በኢትዮጵያም በወጣትነታቸው የቫልቭ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልጋቸው ብዙ ሰዎች ሕመማቸው የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

ማህለር ግን ለብዙ ዓመታት መታመሙን አላወቀም። በ1897 የቪየና ቤተ መንግሥት ኦፔራ ዳይሬክተር ሆነ፤ አሥር ዓመትም መራው። በክረምት ኦርኬስትራ ይመራል፤ በበጋ እረፍቱ ደግሞ ሲምፎኒ ይጽፋል። ተራራ ይወጣ፣ ሐይቅ ይዋኝ፣ ብስክሌት ይነዳ ነበር። ብዙዎቹን የሙዚቃ ሐሳቦቹን ያገኘውም በእግር ሲጓዝ ነበር።

የ1907 ሐዘን

በ1902 አልማ ሺንድለርን አገባ፤ ሁለት ሴቶች ልጆችም ወለዱ። በ1907 በጋ ቤተሰቡ በኦስትሪያ ሐይቅ ዳር ባለው የማይርኒግ ቤታቸው ሳለ ታላቋ ልጅ ማሪያ ታመመች። ስካርሌት ፊቨር የተባለው ትኩሳትና ዲፍቴሪያ ነበር የተባለው። ሐምሌ 12 ቀን፣ አምስት ዓመት ሳይሞላት፣ አረፈች።

ከቀብሩ በኋላ በነበሩት ቀናት ቤተሰቡን ለማየት የመጣው ሐኪም ማህለርንም መረመረው፤ ልቡን ሲያዳምጥም ጤናማ ያልሆነ ድምፅ ሰማ። ማህለር ወደ ቪየና ሄዶ ታዋቂ ፕሮፌሰር ዘንድ ቀረበ፤ እሳቸውም የቫልቭ ሕመም መሆኑን አረጋገጡ። ትእዛዙ ከባድ ነበር፦ ተራራ መውጣት፣ መዋኘት፣ ብስክሌት መንዳት ይቅር። መራመድም ቢሆን በልክና በጥንቃቄ ብቻ።

በሐኪሞቹ አንፍረድ። በዚያ ዘመን ቫልቭ መጠገን አይቻልም፣ የልብ አልትራሳውንድም አልነበረም። የነበራቸው መሣሪያ ጆሮና እረፍት ነበር።

በማህለር ላይ የወረደው ፍርሃት ግን ከባድ ነበር። ሚስቱ አልማ በኋላ በጻፈችው ትዝታ እንደምትነግረን፣ እርምጃ የሚቆጥር መሣሪያ ኪሱ ይዞ ይሄድ ነበር። ጥቂት ተራምዶ ይቆማል፣ የልብ ምቱን ይቆጥራል። ልቡን እንድታዳምጥለትም ይጠይቃት ነበር። በ1908 በጋ ቶብላኽ በምትባል የተራራ መንደር ሆኖ ለወዳጁ ለብሩኖ ዋልተር በጻፋቸው ደብዳቤዎች፣ ሕይወቱን ሁሉ እየተንቀሳቀሰ የኖረ ሰው እንደ አዲስ መኖርን መማር እንደከበደው ገልጿል።

እርስዎ ምን ያህል ይንቀሳቀሱ?

የእርስዎ ሁኔታ ከማህለር በአንድ ትልቅ ነገር ይለያል፤ የእርስዎ ቫልቭ ተጠግኗል ወይም ተቀይሯል። ስለዚህ መራመድ ለእርስዎ የመድኃኒቱ አንድ ክፍል ነው። አልጋ ላይ መዋል ጡንቻን ያደክማል፣ ሳንባ አክታ እንዲቋጥር ያደርጋል፣ በእግር ደም ሥር ውስጥ ደም እንዲረጋ መንገድ ይከፍታል።

* ቤትዎ በገቡ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከ5 እስከ 10 ደቂቃ፣ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ በሜዳማ ቦታ ይራመዱ። ከዚያ በየጥቂት ቀኑ ጥቂት ደቂቃ ይጨምሩ።
* መለኪያዎ ትንፋሽዎ ይሁን። እየተራመዱ ከጎንዎ ካለው ሰው ጋር ማውራት ከቻሉ ፍጥነትዎ ልክ ነው። ማውራት ካቃትዎ ያዝግሙ ወይም ይቀመጡ።
* የደረት ሕመም፣ ማዞር፣ ከባድ የትንፋሽ ማጠር ወይም የተዛባ የልብ ምት ከተሰማዎ ያቁሙ፤ ለሐኪምዎም ይንገሩ።
* በደረት አጥንት በኩል የተሠራ ቀዶ ሕክምና ከሆነ፣ አጥንቱ እስኪገጥም ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይፈልጋል። እስከዚያ ከ4 እስከ 5 ኪሎ በላይ አያንሱ። ውኃ የሞላ ጀሪካን፣ ልጅ ማዘል፣ በሙቀጫ መውቀጥ፣ ከባድ ዕቃ መግፋትና መጎተት ይቆዩ።
* ከአልጋ ሲነሱ በክንድዎ ተደግፈው ሳይሆን ወደ ጎን ዞረው፣ እግርዎን አውርደው ይነሱ። ስግደትም ሆነ የሶላት ሱጁድ ክንድ ላይ ክብደት ስለሚጥል፣ ሐኪምዎ እስኪፈቅድ ቆመው ወይም ተቀምጠው ይጸልዩ።
* ሲያስሉ ወይም ሲያስነጥሱ ትራስ ደረትዎ ላይ አጥብቀው ይያዙ።
* መኪና መንዳት፣ ሥራ መመለስና የግብረ ሥጋ ግንኙነት መቼ እንደሚጀመር ሐኪምዎን ለመጠየቅ አይፈሩ።

ለቤተሰብ የምለው አንድ ነገር አለ። አብራችሁ ተራመዱ። ታማሚውን ከማስቀመጥ ይልቅ አጠገቡ ሆኖ እስከ ግቢው በር መሄድ ይበልጥ ይረዳዋል።

ገና ቀዶ ሕክምና ያልተደረገልዎ ከሆነ ግን ይህ ምክር እንዳለ ለእርስዎ አይሆንም። በጣም የጠበበ ቫልቭ ላለው ሰው የእንቅስቃሴውን ልክ የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

ልቡን የሚያዳምጥ ሰው

ማህለር ልቡን ያዳምጥ እንደነበረ ነግሬዎታለሁ። እርስዎም ሜካኒካል ቫልቭ ከተገጠመልዎ፣ ሌሊት ቤቱ ጸጥ ሲል እንደ ሰዓት ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ሊሰሙ ይችላሉ። ይህ የቫልቩ በር ሲዘጋ የሚሰማ ጤናማ ድምፅ ነው፤ ብዙ ሰው በጊዜ ይለምደዋል። ሊያሳስብዎ የሚገባው ይሰሙት የነበረው ድምፅ በድንገት ሲደበዝዝ ወይም ሲጠፋ ነው። በቫልቩ ላይ ደም ረግቶ ሊሆን ስለሚችል ያኔ በፍጥነት ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

ከቀዶ ሕክምና በኋላ ባሉት ሳምንታት ማልቀስ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ያለምክንያት መከፋት ያጋጥማል። ይህ የእምነት ማነስ ወይም የድክመት ምልክት አይደለም፤ ብዙ ጊዜም እየቀለለ ይሄዳል። ሁለት ሳምንት አልፎም ካልቀለለዎት ግን እንደ ማንኛውም ሕመም ለሐኪም ይንገሩት።

ማህለርም በነሐሴ 1910 ትዳሩ በተናወጠበት ጊዜ የነፍስ ሕመሙን ይዞ ወደ ሆላንዷ ላይደን ተጓዘ፤ እዚያም ሲግመንድ ፍሮይድን አገኘ። ሁለቱ ከተማውን በእግራቸው እየዞሩ ለሰዓታት ተነጋገሩ። ከሦስት ዓመት በፊት እርምጃውን ይቆጥር የነበረው ሰው፣ ሐዘኑን ሲያወጣ ለሰዓታት ሲራመድ ዋለ።

በእነዚህ ዓመታት ሥራውንም አላቆመም። በ1908 መጀመሪያ ኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ ሥራ ጀመረ፤ ከዚያም የኒው ዮርክ ፊልሃርሞኒክን መራ። ዘጠነኛውን ሲምፎኒ የጻፈው ከ1907ቱ ምርመራ በኋላ ነው። መስከረም 12 ቀን 1910 ሙኒክ ውስጥ አንድ ሺህ ገደማ ሙዚቀኞችና ዘማሪዎችን አሰልፎ ስምንተኛውን ሲምፎኒ ለመጀመሪያ ጊዜ አሰማ። የታመመው ልብ ይህን ሁሉ ተሸከመ።

የተናቀው ትኩሳት

ከዚህ በኋላ ያለውን በጥሞና ያንብቡልኝ።

በ1910 መጨረሻዎቹ ወራት የማህለር ጉሮሮ ደጋግሞ ታመመ። በየካቲት 1911 ኒው ዮርክ ውስጥ እንደገና ተነሳበት፤ አሁን ትኩሳት ነበረው። የካቲት 21 ቀን ካርኔጊ አዳራሽ ኮንሰርት ነበረው። ሐኪሙ ጆሴፍ ፍራንክል እንዲቀር መከረው። ማህለር ግን በትኩሳቱ ላይ ሆኖ ሄደ፤ ኦርኬስትራውንም መራ። ያ የመጨረሻ ኮንሰርቱ ሆነ።

ትኩሳቱ አልለቀቀውም፤ እየቀነሰ እየተመለሰ ሳምንታት አለፉ። ፍራንክል አንድ ክፉ ነገር ጠርጥሮ የማውንት ሳይናይ ሆስፒታሉን ኢማኑኤል ሊብማንን ጠራ። ሊብማን በዚህ በሽታ ከዓለም ቀዳሚ ከሚባሉት ሐኪሞች አንዱ ነበር። ወጣት ረዳቱ ጆርጅ ቤር ከማህለር ደም ቀዳ፤ ደሙ ባክቴሪያ በሚያበቅል ምግብ ላይ ተደርጎ ጥቂት ቀናት ተጠበቀ። የበቀለው ስትሬፕቶኮከስ ነበር። በሽታው ኢንዶካርዳይቲስ ይባላል፤ የልብ ቫልቭ ኢንፌክሽን ነው።

የማህለርን ቫልቭ በኋላ የወረረው የስትሬፕቶኮከስ ዓይነት በልጅነት ቶንሲል ከሚያመጣው ይለያል። ይህኛው በጤናማ ሰው አፍና ድድ ላይ የሚኖር ነው። በሽታ ባለበት ድድ በኩል ወይም ጥርስ ሲነቀል ወደ ደም ይገባል። ጤነኛ ቫልቭ ላይ ብዙ ጊዜ መጣበቂያ አያገኝም። በተጎዳ ወይም በተተካ ቫልቭ ላይ ግን ተጣብቆ ይራባል።

ማህለር እውነቱ እንዲነገረው ጠየቀ፤ ተነገረውም። ሚያዝያ ላይ በመርከብ ወደ አውሮፓ ተመለሰ። በፓሪስ አቅራቢያ ባለ ክሊኒክ ተኛ፤ መፍትሔ ሲጠፋ ወደ ቪየና ተወሰደ። ግንቦት 18 ቀን 1911፣ በ50 ዓመቱ፣ አረፈ። በግሪንዚንግ መቃብር ከልጁ ከማሪያ ጋር ተቀበረ።

ፔኒሲሊን የተገኘው ከ17 ዓመት በኋላ በ1928 ነው፤ ለሕሙማን በስፋት የደረሰው በ1940ዎቹ ነበር። ሰው ሠራሽ ቫልቭ በታመመው ቫልቭ ቦታ በተሳካ ሁኔታ መተካት የተጀመረው ደግሞ በ1960 ነው። ማህለር ያላገኛቸውን እነዚህን ሁለቱን እርስዎ አግኝተዋል። ሁለቱ የሚጠቅሙዎት ግን ትኩሳቱን በጊዜ ካወቁት ነው።

ትኩሳት ቢመጣብዎ

* ቤትዎ ቴርሞሜትር ይኑር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በየቀኑ ይለኩ፤ ከዚያ በኋላም ሕመም በተሰማዎ ቁጥር ይለኩ።
* 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ብርድ ብርድ ካለዎ፣ ሌሊት ካላበዎ፣ ያለምክንያት ከከሱ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ። ጉንፋን ነው ብለው አይጠብቁ።
* ከፋርማሲ በራስዎ አንቲባዮቲክ ገዝተው አይጀምሩ። ደም ከመቀዳቱ በፊት የተወሰደ አንቲባዮቲክ ባክቴሪያውን ደብቆ ምርመራው ባዶ እንዲወጣ ያደርጋል። ማህለርን ያዩት ሐኪሞች በ1911 ያደረጉት የደም ካልቸር ምርመራ ዛሬም የመጀመሪያው እርምጃ ነው።
* ሐኪሙን ወይም ነርሷን ባዩ ቁጥር አስቀድመው ሰው ሠራሽ ቫልቭ እንዳለዎት ይናገሩ። ይህን የሚገልጽ ወረቀት በኪስዎ ይኑር።
* ጥርስዎን በየቀኑ ሁለት ጊዜ ያጽዱ፤ መፋቂያ የሚጠቀሙ ከሆነ ድድዎን እንዳይወጋ ይጠንቀቁ። ጥርስ ከመነቀሉ በፊት የሚወሰድ መከላከያ አንቲባዮቲክ አለና ለጥርስ ሐኪሙ ይንገሩ። እንጥል ማስቆረጥና በባህላዊ መንገድ ጥርስ ማስነቀል ለእርስዎ ከባድ አደጋ ነው።
* የቀዶ ሕክምናው ቁስል ከቀላ፣ ካበጠ፣ መግል ካወጣ፣ ወይም የደረት አጥንትዎ ሲንቀሳቀስ ከተሰማዎ አይቆዩ።
* ጠያቂ ብዙ ነው፤ ባህላችንም ነው። ጉንፋን ወይም ሳል ያለበት ሰው ግን በስልክ ይጠይቅዎ።
* ሕመምዎ ከሩማቲክ ትኩሳት የመጣ ከሆነ፣ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የሚወጉት የፔኒሲሊን መርፌ ቫልቩ ስለተቀየረ አይቆምም። ሐኪምዎ እስኪያቆመው ይቀጥሉ።

የደም ማቅጠኛው መድኃኒት

ሜካኒካል ቫልቭ ያለው ሰው ዋርፋሪንን ዕድሜ ልኩን ይወስዳል። ከእንስሳ ሕብረ ሕዋስ የተሠራ ቫልቭ ወይም የተጠገነ ቫልቭ ያለው ደግሞ ሐኪሙ ለወሰነለት ጊዜ ይወስዳል። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይዋጡት። አንድ ቀን ከረሱ በማግስቱ ሁለት አይውሰዱ። አይ.ኤን.አር የተባለውን የደም ምርመራ በቀጠሮው ያድርጉ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቫልቩ ላይ ደም ይረጋል፣ ሲበዛ ደም ይፈስሳል።

ጎመንና ሌሎች አረንጓዴ ቅጠሎች የዋርፋሪንን ኃይል ይቀንሳሉ። መተው አያስፈልግም፤ መጠኑ ግን ከሳምንት ሳምንት አይለዋወጥ። ጾም ሲገባና ሲፈታ አመጋገብዎ ስለሚቀየር በዚያ ሰሞን ምርመራውን ያስቀድሙ። ሕመም ሲሰማዎ ፓራሲታሞል ይሻላል፤ ሐኪም ካላዘዘልዎ አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ አይውሰዱ። የባህል መድኃኒትም ሳይጠይቁ አይጀምሩ። ልጅ መውለድ የምትችል ሴት ከማርገዟ በፊት ሐኪሟን ታማክር፤ ዋርፋሪን ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል። በራሷ ማቋረጥም እሷን ለአደጋ ያጋልጣታል።

ወዲያውኑ ሆስፒታል የሚያስኬዱ ምልክቶች

* ድንገተኛ የፊት መጣመም፣ የእጅ ወይም የእግር መዛል፣ የንግግር መተሳሰር
* የማይቆም ደም፣ ጥቁር ሰገራ፣ ወይም ጭንቅላት ተመትቶ የመጣ ራስ ምታት
* ተኝተው መተንፈስ ማቃት፣ የእግር እብጠት፣ ወይም ክብደት በአንድ ቀን ከ1 ኪሎ፣ በአንድ ሳምንት ከ2 ኪሎ በላይ መጨመር
* ራስን መሳት ወይም የማይረጋጋ ፈጣን የልብ ምት

ማህለር የሚችለውን ሁሉ በጥንቃቄ ቆጠረ፤ እርምጃውን፣ የልብ ምቱን። በዚያች የየካቲት ማታ ግን የሰውነቱን ሙቀት ችላ ብሎ ሥራው ላይ ቆመ። በጊዜው ቢተኛም እንኳ መድኃኒቱ አልነበረም። ለእርስዎ ግን አለ። ስለዚህ ነገ ጠዋት ተነስተው ቴርሞሜትሩን ይመልከቱ፤ ሙቀትዎ ጤናማ ከሆነ ጫማዎን ያድርጉና ከቤተሰብዎ አንዱን ይዘው ትንሽ ይራመዱ።

መልካም ማገገም ይሁንልዎ።

ማሳሰቢያ፦ ይህ ጽሑፍ ለአጠቃላይ ግንዛቤ የተዘጋጀ ነው። የቀዶ ሕክምናዎን ዓይነት የሚያውቀው ሐኪምዎ ስለሆነ የእሱ ወይም የእሷ ምክር ይቀድማል።